ስለ ፒራሚድ ከጋሼ ጋር የተከራከርነው

የዛሬ ወር ገደማ እሁድ ከሰአት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየን። የግብፅን ፒራሚድ ሰው አልሰራውም፣ ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡሮች ናቸው የሰሩት የሚል፣ ከጀርባው የሚያስፈራ ሙዚቃ ያለው፣ መቼም እናንተም ሳታዩት አትቀሩም። ልጁ አምኖበታል። "እስኪ አስበው፣ ክሬን የለ፣ የብረት መሳሪያ የለ፣ ያንን የሚያክል ድንጋይ ማን አንስቶ ነው እዛ ላይ የሚሰቅለው?" ይላል። እኔ ነገሩ እንዳልሆነ ውስጤ ቢያውቀውም መልሱን በቅጡ መናገር አልቻልኩም፣ "አይደለም፣ ሰው ነው የሰራው" እያልኩ ብቻ ተከራከርኩ።

አጎቴ አጠገባችን ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባህር ዳርና ዙሪያዋ ድንጋይ ሲጠርቡና ሲገነቡ የኖሩ ግንበኛ ናቸው፣ ያ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ ስኒያቸውን ይዘው ውሃውን ነበር የሚያዩት። ከዛ ድንገት ዞር አሉና "ለመሆኑ አንዱ ድንጋይ ስንት ኩንታል ነው?" አሉ። ማናችንም አናውቅም። "ካባውስ የት ነው? ቅርብ ነው ሩቅ?" አሁንም ዝም። "ያን ሁሉ ሰራተኛስ ማን አበላው?" አሉና መልስ እንደሌለን ሲያዩ "እንግዲያ ይሄን ሳታውቁ ነው ከሰማይ ሰው የምታወርዱት" ብለው ቡናቸውን ጨረሱ።

ሶስቱ ጥያቄ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ከስራ ስገባ ማታ ማታ ሳነብ ከረምኩ፣ ያገኘሁትን እዚህ ልጽፈው ነው፣ ረዘም ይላል ግን ታገሱኝ። አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ከኩንታሉ ልጀምር። ትልቁ የጊዛ ፒራሚድ የንጉስ ኩፉ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2560 አካባቢ የተሰራ፣ 4500 አመት አልፎታል ማለት ነው። ሲሰራ ቁመቱ 146 ሜትር ከምናምን ነበር፣ የጢስ አባይን ፏፏቴ ሶስት ጊዜ ብትደራርቡት እንኳን አይደርስበትም። ጎኑ ከጥግ እስከ ጥግ 230 ሜትር ነው። የገባበት ድንጋይ 2.3 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፣ አማካይ ክብደቱ 2.5 ቶን፣ በጋሼ ቋንቋ 25 ኩንታል። እዚህ ላይ ቪዲዮዎቹ የሚወዱት ስሌት አለ፣ ስራው 20 አመት ፈጀ ካልን፣ በአመት 365 ቀን፣ በቀን 10 ሰአት ቢሰሩ፣ በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ መቀመጥ አለበት ይሉሃል። ስሌቱ ልክ ነው፣ እኔም አስልቼ አይቼዋለሁ። ግን ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰልፎ አንድ አንድ ድንጋይ ተራ በተራ የሚያስቀምጥ ያስመስለዋል። ተማሪ እያለሁ ሁለት ክረምት ኮብልስቶን ጠርቤያለሁ፣ አንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚጠርባት ክምር ትንሽ ናት፣ ሰላሳ አርባ ልጅ እዛው ሜዳ ላይ ተበትኖ ሲመታ ሲውል ግን ማታ ላይ አይሱዙ ይሞላል። ጊዛም ላይ አንዱ ቡድን ሲፈልጥ ሌላው ይጎትታል፣ በአራቱም ጎን በአንዴ ይደረደራል፣ እና ሁለት ደቂቃዋ ያን ያህል አታስፈራም።

ካባውስ? እዛው ነው! ይሄን ስነግራቸው ጋሼ ፈገግ አሉ። አብዛኛው ድንጋይ የወጣው ከፒራሚዱ በስተደቡብ ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ካለ ካባ ነው፣ የተቆፈረው ቦታ እስካሁን ይታያል። ያውም የኖራ ድንጋይ ነው፣ እኛ እዚህ እንደምንታገለው ጥቁር ድንጋይ አይደለም፣ በመዳብ መሮና በእንጨት መዶሻ ይፈለጣል። ከሩቅ የመጣው ሁለት አይነት ነው። አንደኛው ውጪውን ያለበሱበት ነጭና ልሙጥ የኖራ ድንጋይ፣ ከወንዙ ማዶ ቱራ ከሚባል ቦታ የመጣ። ሁለተኛው ግራናይት ነው፣ ከንጉሱ መቃብር ክፍል በላይ ያጋደሙት፣ እያንዳንዱ ከ25 እስከ 80 ቶን የሚገመት፣ እሱ የመጣው ከአስዋን ነው። አስዋን ከጊዛ ከ800 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል፣ ነገር ግን አባይ ከአስዋን ወደ ጊዛ ነው የሚፈሰው፣ ስለዚ ጀልባው ላይ መጫን ከቻልክ ቀሪውን መንገድ ውሃው ራሱ ይዞልህ ይሄዳል።

አሁን ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያረገኝ ነገር ጋ ደረስኩ። በ2013 ፒየር ታሌ የሚባል ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስትና ቡድኑ ቀይ ባህር ዳር ዋዲ አል-ጃርፍ በሚባል የጥንት ወደብ ላይ ሲቆፍሩ የፓፒረስ ቁርጥራጮች አገኙ። እስካሁን ከተገኙት ጽሁፍ ካለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ የሚበልጥ እድሜ ያላቸው፣ በራሱ በኩፉ ዘመን የተጻፉ ናቸው። እና ምን ነበር የተጻፈባቸው ስትሉ፣ የስራ መዝገብ! ሜረር የሚባል ሰው፣ በዛሬው አነጋገር ፎርማን፣ 40 ገደማ ሰው ይዞ ከቱራ ነጭ ድንጋይ በጀልባ እየጫነ ወደ ጊዛ ሲያመላልስ በየቀኑ የሰራውን የመዘገበበት። ዛሬ ካባው ጋ ዋልን፣ ዛሬ ጫንን፣ ዛሬ መንገድ ላይ አደርን፣ ዛሬ አራገፍን፣ እንደዛ ነው አጻጻፉ። በአስር ቀን ውስጥ ሁለት ሶስቴ ይመላለሳሉ። ፒራሚዱን በስሙ ይጠራዋል፣ አኸት ኩፉ ይለዋል፣ የኩፉ አድማስ እንደማለት ነው። የበላይ ሀላፊውንም ይጠቅሳል፣ አንኽሃፍ የሚባል የንጉሱ ግማሽ ወንድም። ከመዝገቡ ጋር ለሰራተኛው የመጣው ምግብ የተመዘገበበትም ተገኝቷል።

ይሄን ሳነብ ሌሊት ነበር፣ ብድግ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ምክንያቱም ስንት ዘመን ሙሉ ፒራሚዱን ማን ሰራው እየተባለ ሲከራከር፣ ከሰሩት ሰዎች አንዱ እዛው ስራው ላይ ሆኖ የጻፈው ወረቀት አለ ማለት ነው። ሜረር የሚመራመር ሰው አልነበረም፣ ማንንም ለማሳመን አልጻፈም፣ ለአለቃው ሪፖርት ነው ያረገው። እኔ ቢሮ ውስጥ የቀን ሪፖርት እሞላለሁ፣ እና የሱ ሪፖርት ከኔ ጋር መመሳሰሉ አንጀቴን በላው።

ሌላው ደሞ ውሃው ነው። አጥኚዎቹ እንደሚሉት የነሜረር ማመላለስ የተሰራው ወንዙ በሚሞላበት ወቅት ነው። ወንዙ ለምን ይሞላል? እኛ ጋ ክረምት ስለሚሆን ነዋ። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ቆርቆሮው ሲንደቀደቅ፣ ያ ደፍርሶ የሚወርደው ውሃ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ሲገባ ሜዳውን ሁሉ ያለብሰው ነበር፣ የአስዋን ትልቁ ግድብ እስኪሰራ ድረስ በየአመቱ እንደዛ ነበር። (እርግጥ ከጣና ራሱ የሚወጣው ከአባይ ውሃ ጥቂቱ ነው፣ ብዙውን የሚጨምሩት ከታች የሚገቡት እነ በሽሎ፣ ጀማ፣ ደዴሳ፣ ዳቡስ ናቸው፣ ሁሉ ነገር ከጣና ነው ብዬ መኩራራት አልፈልግም።) ውሃው ሲሞላ በተቆፈረው ቦይ አርጎ ጀልባ እስከ ፒራሚዱ ግርጌ ድረስ ይጠጋል። በ2022 የወጣ ጥናት ጊዛ አጠገብ ከመሬት ስር ባወጡት ደለል ውስጥ ያለውን የእጽዋት ብናኝ መርምሮ በኩፉ ዘመን እዛ ጋ የአባይ ቅርንጫፍ በቂ ውሃ እንደነበረው አሳይቷል፣ በ2024 ደሞ ሌሎች 64 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው የደረቀ የአባይ ቅርንጫፍ ለይተው አወጡ፣ 31 ፒራሚዶች በዛ ዳር ተደርድረው። ዛሬ ፎቶ ላይ በረሃ መሀል ብቻቸውን የቆሙ የሚመስሉት ያኔ ወደብ ነበራቸው። ድንጋዩን ማን አመጣው ለሚለው ግማሹ መልስ እንግዲህ ውሃ ነው።

ጣና ዳር የኖረ ሰው ይሄ አይከብደውም። እዚህ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሰሩትን ታንኳ እናውቃለን፣ ከዘጌ በኩል እንጨት ተከምሮበት ሲመጣ ከሩቅ ክምሩ ብቻውን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው የሚመስለው፣ አንድ ቀዛፊ ነው ያን ሁሉ የሚያመጣው። ያንን እንጨት በየብስ በሸክም አምጣ ብትለው ስንት ሰው ይፈልጋል? ደንገሉ ደሞ ያው ፓፒረስ ማለት ነው፣ ሜረር የጻፈበት ወረቀት ከሚሰራበት አንድ አይነት ተክል። የነሜረር ጀልባ እንኳን የእንጨት ነበር፣ የኖራ ድንጋይ በደንገል ታንኳ አይጫንም። እዚህ ጋ ሳልነግራችሁ የማላልፈው ነገር አለ። በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌጂያዊ በፓፒረስ ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሳ ግብፅ ውስጥ የሚበቃ ፓፒረስ አጥቶ ደንገሉን ያስቆረጠው ከጣና ነው፣ ከቻድ ሀይቅ ጀልባ ሰሪዎችን አምጥቶ ራ የተባለችውን ጀልባ ያሰራት እዛው ጊዛ ፒራሚዶቹ አጠገብ። ያቺ ጀልባ አልደረሰችም፣ ውቅያኖሱ ላይ ፈርሳ ሰዎቹ ወጡ፣ በአመቱ ሁለተኛዋ ደረሰች። እና የጣና ደንገል ተጉዞ ፒራሚዱ ስር ሄዶ ያውቃል ማለት ነው፣ ይሄን ትምህርት ቤት እያለሁ አንድ ሰው ቢነግረኝ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

የጋሼ ሶስተኛ ጥያቄ፣ ማን አበላቸው? የግሪኩ የታሪክ ጸሀፊ ሄሮዶቱስ ፒራሚዱ ከተሰራ ከ2000 አመት በኋላ ግብፅ ሄዶ የሰማውን ሲጽፍ 100 ሺህ ሰው በየሶስት ወር እየተቀያየረ 20 አመት ሰራ ይላል። ዛሬ ያሉት አርኪዮሎጂስቶች እነ ማርክ ሌነርና ዛሂ ሀዋስ ቁጥሩን ወደ 20 ሺህ አካባቢ ያወርዱታል። ዝም ብለው አይደለም ያወረዱት፣ ሌነር ከፒራሚዶቹ በስተደቡብ የሰራተኞቹን ከተማ ቆፍሮ አውጥቷል፣ ዳቦ መጋገሪያው፣ የመኝታ አዳራሹ፣ የከብቱና የበጉ የፍየሉ አጥንት ክምር ሁሉ አለ። በ1990 ደሞ አንድ ፈረስ የጭቃ ጡብ ግንብ አደናቅፎት የሰራተኞቹ መቃብር ተገኘ። አጽሞቹን ሲመረምሩ ወገባቸውና ጉልበታቸው በስራ ብዛት ያለቀ፣ እጃቸው እግራቸው ተሰብሮ በደንብ ታስሮ የዳነ ሰዎች አገኙ፣ እግሩ ተቆርጦ ከዛ በኋላ የኖረ ሰው ጭምር። የተቀበሩት ደሞ ንጉሱ መቃብር አጠገብ ነው። ባሪያ ሆነው ቢሆን እንደዛ አይቀበሩም ነበር ይላሉ፣ እኔም ይሄ ያሳምነኛል። በየቡድኑ ስም ነበራቸው፣ ድንጋዩ ላይ በቀለም ጽፈውታል፣ የኩፉ ወዳጆች የሚል ቡድን ነበር። ዝም ብሎ ፍቅር ነበር ማለቴ አይደለም፣ ንጉስ አዞ የሚያሰራው ስራ ነው፣ የኛ ደቦና ወንፈል ጋር አንድ ነው ብዬ አላሳምረውም። ግን በተራ መጥቶ ሰርቶ፣ በልቶ፣ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚለኝ ነገር አለ፣ "እስራኤላውያን አይደሉ እንዴ የሰሩት?" እናቴም እንደዛ ነው የምታውቀው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 1ን አውጥተን አብረን አነበብን፣ እዛ ላይ የተጻፈው ለፈርኦን ፊቶምና ራምሴ የሚባሉ ከተሞችን እንደሰሩ ነው፣ ስራውም ጭቃና ጡብ ነው፣ ፒራሚድ የሚል ቃል የለም። የኩፉ ፒራሚድ ደሞ ከራምሴስ ነገስታት ዘመን ከ1000 አመት በላይ ይቀድማል። እናቴ መነጽሯን አውልቃ "እውነትም አይልም" አለች፣ በዚህ ነገሩ አለቀ።

እሺ፣ ድንጋዩ ግርጌው ደረሰ። ወደ ላይስ እንዴት ወጣ? እውነተኛው ክርክር ያለው እዚህ ነው፣ ሜረርም ስለሱ አልጻፈም።

ሄሮዶቱስ ከአጫጭር እንጨት በተሰራ መሳሪያ ከደረጃ ወደ ደረጃ እያነሱ ነው ይላል። ዲዮዶሮስ የሚባለው ሌላው የግሪክ ጸሀፊ አይ፣ አፈር ቆልለው በዛ ላይ ነው የጎተቱት ይላል። የዛሬዎቹም ብዙዎቹ በቁልሉ ይስማማሉ፣ ጭቅጭቃቸው ቅርጹ ላይ ነው። ቀጥ ያለ አንድ ትልቅ ቁልል ነው ካልክ፣ እስከ ጫፉ ድረስ በ8 ፐርሰንት ዳገት ለመውጣት 1.8 ኪሎሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል፣ ወርዱን 20 ሜትር ብታረገው እንኳን የሚፈጀው አፈርና ድንጋይ ከፒራሚዱ ከራሱ ጋር ይስተካከላል፣ ሌላ ፒራሚድ እንደመስራት ነው። ዙሪያውን እየተጠመጠመ የሚወጣ ነው ካልክ ማዕዘኑ ላይ 25 ኩንታል ጭኖ መዞር አለ፣ በዛ ላይ ጎኖቹን ስለሚሸፍን መስመሩ ቀጥ ማለቱን ማየት አይቻልም፣ ጋሼ ይሄን ሲሰሙ "ቱንቢውን የት ሊጥል ነው ታድያ?" አሉ። ዣን ፒየር ኡዳን የሚባል ፈረንሳዊ አርክቴክት ደሞ መንገዱ ያለው በፒራሚዱ ውስጥ ነው፣ ታችኛውን ሲሶ በውጪ ቁልል ሰርተው ከዛ በላይ ግን ግድግዳው ውስጥ እየተጠመዘዘ በሚወጣ መተላለፊያ ነው ይላል። ሀሳቡ ያምራል። በ2017 ሙኦን በሚባሉ ከሰማይ በሚዘንቡ ቅንጣቶች ፒራሚዱን እንደ ራጅ ሲያነሱት ቢያንስ 30 ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ቦታ ውስጡ ተገኘ፣ በ2023 ደሞ በሰሜን በኩል 9 ሜትር የሚሆን ኮሪደር፣ ነገር ግን የሱ ጠምዛዛ መንገድ አልተገኘም። ድንጋዩ እንደ አርማታ ተቦክቶ በቅርጽ የፈሰሰ ነው የሚሉም አሉ፣ ጆሴፍ ዳቪዶቪትስ የሚባል ኬሚስት ያመጣው ሀሳብ ነው፣ እኔ አልተቀበልኩትም፣ ድንጋዩ ውስጥ የጥንት የባህር ፍጥረታት ቅሪት እንደተነጠፈ አለ፣ ካባው ላይ የመሮው ምልክት አለ፣ ግራናይቱንስ ምን ሊሉት ነው?

እኔን የገላገለኝ የጂኦሜትሪ ነገር ነው። ፒራሚድ ከታች ሰፊ ስለሆነ ታችኛው አንድ ሶስተኛ ቁመቱ ብቻ ከጠቅላላው ድንጋይ 70 ፐርሰንት ይይዛል፣ ግማሹ ጋ ስትደርስ ደሞ 87 ፐርሰንት አልቋል። ስለዚ ያ ሁሉ ህዝብ፣ ያ ሁሉ ጉተታ፣ በብዛት የተሰራው ዝቅ ባለ ከፍታ ነው፣ እዛ ጋ አጫጭር ቁልሎችን በየጎኑ መስራት ይቻላል። ወደ ላይ ስትሄድ ቦታው ይጠባል፣ ድንጋዩም ይቀንሳል፣ ዘዴውም ይቀየራል። አንድ ዘዴ ነው መፈለግ ያለብን ያለው ማነው? ቤት የሚሰራ ሰው መሰረቱንና ጣሪያውን በአንድ መወጣጫ አይሰራም። እኔ በዚህ ነው የረጋሁት።

በ2018 የወጣው ግኝት ደሞ አለ። ሀትኑብ በሚባል የአልባስጥሮስ ካባ ውስጥ ከኩፉ ዘመን የሆነ ዳገት መንገድ ተገኘ፣ መሀሉ መጎተቻ፣ ግራና ቀኙ ደረጃ፣ ደረጃው ዳር ዳሩን ምሶሶ የቆመባቸው ጉድጓዶች። ዳገቱ ከ20 ፐርሰንት በላይ ነው። ገመዱን ምሶሶው ላይ ጠምጥመው ሰዎቹ ደረጃው ላይ ቆመው፣ ገሚሱ ወደ ላይ ገሚሱ ወደ ታች እየሳቡ ነው ያወጡት ብለው ነው የሚያስቡት። ዳገቱ እንደዛ ሲቆም ቁልሉም ያጥራል። ሌላም የግብፅ መቃብር ስዕል አለ፣ ከኩፉ ብዙ መቶ አመት በኋላ የተሳለ፣ ጀሁቲሆተፕ የሚባል ሹምን ትልቅ ሀውልት 172 ሰው በእንጨት ሸርተቴ ላይ ሲጎትት፣ ሸርተቴው ፊት ላይ አንድ ሰው ቆሞ አሸዋው ላይ ውሃ ያፈሳል። ለረጅም ጊዜ የሀይማኖት ስርአት ነው ሲባል ነበር፣ በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስቶች ሞክረው አሸዋው በልኩ ሲረጥብ የመጎተቻው ጉልበት በግማሽ እንደሚቀንስ አሳዩ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ቤት ሄጄ የሀትኑብን ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኬን ወደ ፀሀይ ዞር እያረጉ ብዙ አዩት። ግቢያቸው ውስጥ ለአጥር የመጣ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፣ አራት ሆነን በዲጂኖ ብንገፋው አፈር ቁልሉ ላይ አልወጣ ያለን። "ገመድ አምጣ" አሉኝ። ሁለት የባህር ዛፍ ምሶሶ ቁልሉ አናት ላይ በግራና በቀኝ ጠልቆ እንዲቆም አስቆፈሩን፣ ገመዱን ድንጋዩ ላይ አስረው በየምሶሶው አንዴ አዞሩትና እኛን ወደ ታች አቆሙን፣ የአክስቴ ልጅም በግራ በኩል ገብቷል። ሳብን። መጀመሪያ ገመዱ ጮኸ፣ ከዛ ድንጋዩ አንድ ክንድ የሚያህል መጣ፣ ቆመ፣ እንደገና መጣ። ጋሼ ጠጋ ብለው ምሶሶውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ግሏል" አሉ። "ገመዱን ሳይበላው ውሃ አፍስስበት።"

ጆጉን ይዤ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።